ይሄኛው በርቶ ይደር

በዚያ ምሽት ቤቱ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች በመጀመሪያ አንድ በአንድ ልጥራ፣ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። እትዬ ሰብለ ነበሩ፣ የቤቱ ባለቤት፣ እዚህ ካምፓላ ምግብ ቤት አላቸው። ወንድማቸው ዮናስ ነበር፣ ኮሎሎ ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የሚሠራ፣ ካልቀለደ የሚያመው የሚመስል ሰው። አባታቸው ጋሽ በየነ ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ሳንባቸው ስለደከመ ከኦክስጅን ማሽን ጋር የሚውሉና የሚያድሩ። ፕሮሲ ነበረች፣ ኡጋንዳዊት የቤት ሠራተኛቸው፣ ሥራ የጀመረችው እትዬ ሰብለ ምግብ ቤት ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ሉጋንዳ በብዙ ይሻላል። አምስተኛው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ውሻ እንኳ የላቸውም።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ እመኑኝ፣ አሁንም አምናለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም። ዋንዴገያ ሰፈር ስልክ እጠግናለሁ፣ ጎን ለጎን የቤት ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፣ ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ የተበላሸ ነገር እየፈታሁ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዳንዴም እየነዘረኝ ነው የለመድኩት፣ እና በእኔ ልምድ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የላላ ሽቦ አለ፣ ፍሪጅ ራሱን ሲያጠፋ የደከመ ነገር አለ። ሰው ስለ ጥላና ስለ መንፈስ ሲያወራ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ በሆዴ ግን ሽቦው የት ጋ ይሆን የተላጠው እያልኩ ነው።

እትዬ ሰብለ የተከራዩት ቤት ናጉሩ ኮረብታ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከእሳቸው በፊት የኖሩት ፈረንጆች በየክፍሉ ሴፍቲ ሶኬት አስገጥመዋል፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍና ሲይዝ የሚወጣ፣ ሲጥል የሚጠፋ ትንሽ ቀይ መስኮት አለው። ሥራው ቀላል ነው፣ የወጣው ኤሌክትሪክና የተመለሰው ኤሌክትሪክ እኩል መሆኑን ያያል፣ ከጎደለ ጠቅ ብሎ ይጥላል፣ ማለት ይቆርጣል፣ ምክንያቱም የጎደለው በሆነ ነገር በኩል ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ያ ነገር ደግሞ የሰው አካል ሊሆን ይችላል። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ዕቃ ቢነካ ሰውየው ሳይጎዳ ይጥላል፣ የተሠራውም ለዚህ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ዮናስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ፣ ሶኬቶቹ እየጣሉ አስቸገሩ፣ ሰብለ እንቅልፍ አጥታለች፣ አንተ ሰው ዕቃህን ይዘህ ና አለኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል በቦዳ ሞተር ወጣሁ፣ ስደርስ ገና ብርሃን ነበር።

እትዬ ሰብለ በር ላይ ቆመው ነው የጠበቁኝ። ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢቃጠል ግድ የለኝም፣ የአባቴ ማሽን እንዳይጠፋ ብቻ አሉኝ። ማሽኑ ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፣ ግን የመለኪያው መርፌ ወርዷል፣ የሚሞላው ደግሞ ሰኞ ነው። በቅዳሜ የመኪና ጃም ሆስፒታል እስኪደረስ ይበቃል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ዮናስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። በማራዘሚያ ከሌላ ክፍል ጎትተን እንዳንሰካው ደግሞ፣ ቤቱ ውስጥ ሴፍቲ ያልሆነ ሶኬት አንድም የለም።

የጣሉትን ሶኬቶች አሳዩኝ አልኩ። ያወቀችው ፕሮሲ ነበረች። ጣቷን እያነሳች ቆጠረችልኝ፣ መጀመሪያ ሳሎን የቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር፣ በማግስቱ የቴሌቪዥኑና ኮሪደር ላይ ያለው የካውያው፣ ከዚያ እነዚህ ሁለቱ ሆነው የኩሽናው የውሃ ማፍያ፣ ትናንት ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሆነው ፍሪጁ። ሁልጊዜ ከሳሎን ነው የሚጀምረው፣ ሁልጊዜም ሲመሽ።

"ሴቦ፣ በየቀኑ አንድ ይጨምራል" አለችኝ፣ ሴቦ በእነሱ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው። "ከፍሪጁ ቀጥሎ ያለው የጋሼ ክፍል ነው።"

ዮናስ፣ ፕሮሲ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረባት፣ ጣቢያው እዚሁ ሰፈር ነው አለ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን በልቤ ያዝኩ፣ ልማዴ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ስለሆነ ባለ ሁለት እግሩን ፕለግ ለማስገባት የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ክዳን ከፍተውታል፣ የእኛ ሰው ቤት ሁሉ የማየው ነገር ነው። ክዳኑን አውጥቼ የሶኬቱን ፊት ስፈታ ውስጡ እርጥብ ነው። የኮሪደሩም ሶኬት እርጥብ ነው። ግድግዳው ግን ደረቅ፣ ጣሪያውም ደረቅ። ውሃ ከየት መጣ ብዬ ቀና ስል እትዬ ሰብለ አንገታቸውን ሰበሩ።

ለካ ሶኬቶቹ መጣል ከጀመሩ ወዲህ በየማታው ጠበል ይረጫሉ። ከአዲስ አበባ የመጣላቸው በጄሪካን አለ፣ ቤቱን ሲረጩ በተለይ ወደ ሶኬቶቹ አብዝተው ኖሯል፣ ክፉ ነገር ያለው እዚያ መስሏቸው።

"እትዬ፣ ጠበሉን ለሰዎቹና ለበሩ ያድርጉት፣ ለሶኬቱ እኔ አለሁ" አልኳቸው።

"ሶኬቱ እኮ እየጮኸ የለቀቀው ለዚህ ነው" አለ ዮናስ፣ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም፣ ምክንያቱን አገኘሁ ማለት ነው። የውሃ ማፍያውን በመለኪያ ሜትሬ ስለካው እሱም በእርግጥ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ አውጥቼ ውጭ አስቀመጥኩት። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅኳቸው፣ ሽቦዎቹን አጠበቅኩ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ወደ መሬት እንዳይሄድ ሁሉንም ሰው የላስቲክ ነጠላ ጫማ አስደረግኩ፣ ጋሽ በየነንም ጭምር፣ አልጋ ላይ ሆነው እግራቸውን እያዩ ሳቁብኝ። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼም ሞከርኩ፣ አንዳንድ ሴፍቲ ሶኬት መብራት ሲሄድ ራሱ ይጥላል፣ እነዚህ ግን የዚያ ዓይነት አይደሉም፣ ቀዩ መስኮት ባለበት ቆመ። ይህን ሳደርግ ማሽኑ ስለጠፋ ጋሽ በየነ ከሲሊንደሩ ነው የተነፈሱት፣ መርፌው ትንሽ ወረደ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስጠንቅቄ ነበር፣ ሁላችንም ግን አየነው።

መሸት ሲል ዕቃዬን ሰብስቤ ፕሮሲ ያቀረበችልኝን ሻይ አንድ ሁለቴ ስጎነጭ፣ ሳሎን ውስጥ ጠቅ አለ።

የቴሌቪዥኑ ሶኬት ነው። ቴሌቪዥኑን ከነቀልኩ በኋላ አልመለስኩትም ነበር፣ ሶኬቱ ላይ ምንም የለም። ባዶ ሶኬት ሊጥል ይችላል፣ ውስጡ እርጥበት ቢቀር፣ ሞላው ቢደክም። ቁልፉን ጫንኩት፣ አልያዘም። ደግሜ ጫንኩት፣ ልክ ሰው ከወዲያ በኩል ጣቱን አድርጎ የሚመልስብኝ ይመስል ነበር። ስለዚህ ከማደርገው ሁሉ ትክክለኛውን አደረግኩ፣ የዚያን ሶኬት መስመር ከብሬከር ላይ አጠፋሁ፣ ፊቱን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን ነቅዬ ጫፋቸውን በቴፕ ጠቀለልኩ፣ ሶኬቱን ከግድግዳው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ፕላስቲክ ብቻ ነው። እስኪ ብዬ ቁልፉን ጫንኩት፣ ቀዩ መስኮት ወጣ፣ ያዘ።

ሁላችንም እያየነው ነበር፣ ዮናስ ሻዩን ይዞ፣ እትዬ ሰብለ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ፕሮሲ የኩሽናው በር ላይ። ሽቦ የሌለው ሶኬት ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አለና ቀዩ መስኮት ጠፋ።

ማንም አልቀለደም።

ልጨምርላችሁ፣ ያ ሶኬት አሁን እኔ ጋ ነው፣ ፈትቼ ሞላውን በአጉሊ መነጽር አይቼዋለሁ፣ ስልክ ከምጠግንበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጬ ስንት ጊዜ እንደጫንኩት አልቆጠርኩም፣ አንድም ቀን በራሱ ጥሎ አያውቅም።

ወዲያው ኮሪደሩ ጠቅ አለ። ካውያው ነው። ከመኝታ ቤት የጋሽ በየነ ድምፅ መጣ፣ በሩ ክፍት ነበር፣ ማሽኑ እያጉረመረመ በዚያ መሃል "አሁን የቱ ነው?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ሰብለ ምንም አይደለም አባባ፣ ይረፉ አሉ። እኔ ግን ለታማሚ ውሸት አልወድም፣ የካውያው ነው ጋሼ አልኳቸውና ወደ ክፍላቸው ገባሁ፣ የእሳቸውን ሶኬት ማየትም ነበረብኝ። እትዬ ሰብለና ዮናስ ተከተሉኝ፣ ፕሮሲ ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

ጋሽ በየነ ትራስ ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ ቱቦው አፍንጫቸው ሥር ነው፣ ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም። ከሳሎን ነው የጀመረው አይደል አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ እየቆራረጡ፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ አወሩልን። ባለቤታቸው፣ የእትዬ ሰብለና የዮናስ እናት፣ በሕይወት ሳሉ በየማታው ቤቱን እየዞሩ ዕቃ ሁሉ ይነቅሉ ነበር። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንቱን ፍሪጅ አቃጥሏል፣ ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ይጀምራሉ፣ ወደ ካውያው፣ ወደ ኩሽና፣ ፍሪጁን እንኳ አይምሩም፣ ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው የባላቸውን ራዲዮ፣ በመጨረሻ የበረንዳውን መብራት አጥፍተው ይተኛሉ። ልጆቹ እንዳይነቁ ደግሞ ጫማ አያደርጉም።

ጫማ አያደርጉም ሲሉ ዓይኔ ሁላችንም እግር ላይ ወዳሉት የላስቲክ ጫማዎች ሄደ።

ኩሽና ጠቅ አለ። የውሃ ማፍያው ውጭ ነው፣ ሶኬቱ ባዶ ነው።

"እማዬ ልትወስዳቸው ነው" አሉ እትዬ ሰብለ፣ ለወንድማቸው ነው ያሉት፣ ቀስ ብለው፣ አባታቸው ግን ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በቀጥታ አገናኘው። ሴፍቲውን አውጣና ሽቦውን ከሽቦ አገናኝልኝ።"

ይህ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ብዙ ባለሙያ ዓይኑን ሳያሽ ያደርገዋል። እንዲያ ካደረግኩ ማንም ቢነካ፣ ምንም ቢነካ፣ የሚቆርጥ ነገር የለም፣ ማሽኑ አይጠፋም። ግን ማሽኑ ጎን ላይ የውሃ ጠርሙስ አለበት፣ ጋሽ በየነ የሚተኙበት አልጋ ብረት ነው፣ እና አንድ ነገር ቢያፈስ የሚያድናቸው ያ ሶኬት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ አሁን ሳስበው የማፍርበት ሐሳብ ወደ አእምሮዬ መጣ፣ ባዶ እግሩን የሚዞር ሰው ካለስ? ሴፍቲ የሌለውን ቢነካስ? የሞተን ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይዘው የፈራ ባለሙያ ከእኔ በቀር መኖሩን አላውቅም።

"እትዬ፣ እሱን አላደርግም" አልኩ።

"የአንተ አባት ቢሆን ታደርገዋለህ።"

ዮናስ ሰብልዬ ተይው አላት፣ እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም፣ ይቅርታ፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን አላነሱም፣ እንዲያ ሲያዩኝ ታናሽ ልጅ ነበር የሚመስሉት። ዊንጩን አነሳሁ። የሶኬቱን ፊት አንዱን ብሎን ማላላት ጀመርኩ፣ ምን ላደርግ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ፍሪጁ ጠቅ አለ፣ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ቤቱ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ፕሮሲ ከኮሪደሩ ወደ እኛ ገባች፣ ሮጣ አይደለም፣ መንገድ ለቅቃ ሰው እንደምታሳልፍ ነው፣ ጎኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ። ያን አይቼዋለሁ። ለምን እንዲያ እንዳደረገች ጠይቄያት አልመለሰችልኝም።

ጋሽ በየነ "ዊንጩን አስቀምጠው ልጄ" አሉኝ። አስቀመጥኩት። ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩ።

ያኔ እጄ ሥር፣ ጣቴ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ፣ ጠቅ አለ።

ማሽኑ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ያንን የሚያስጠላ ጩኸቱን ጀመረ። ዮናስ ሲሊንደሩን ከፈተ፣ ቱቦውን ወደ እሱ አዞረ፣ እትዬ ሰብለ መርፌውን ብቻ እያዩ የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ። ቁልፉን ጫንኩ፣ አልያዘም። የማሽኑን ፕለግ ነቅዬ ባዶውን ጫንኩ፣ አልያዘም። የሶኬቱ ሙቀት ደህና ነው፣ ሽታ የለውም፣ ሽቦው ደረቅ ነው፣ ከእኔ በኩል የቀረ ምንም ነገር የለም። ሰው እጁን ያሳረፈበት ሶኬት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ። ዮናስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ጋሽ በየነ ወደ በሩ ነው ያዩት፣ ወደ እኔም ወደ ልጆቻቸውም አይደለም። ድምፃቸው ሚስቱን ከአልጋ ላይ ሆኖ እንደሚያናግር፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ድምፅ ነበር፣ ትንሽም ስልቹነት ነበረው።

"አስካለ፣ ይሄን ተዪው። ይሄኛው በርቶ ይደር።"

ማሽኑ ይጮኻል። ከዚያ ጣቴን አድርጌ ጫንኩት፣ ቀዩ መስኮት ወጣ፣ ያዘ። ፕለጉን ሰካሁ፣ ማሽኑ ሳል እንደያዘው ሰው አጉረመረመና ተነሳ፣ ጩኸቱ ቆመ። ዮናስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ በየነ ቱቦውን አስተካከሉና፣ ራዲዮዬንም ስለምናት እንዲሁ ነበር የምታስቀርልኝ አሉ።

ብዙ ቆየሁ፣ ሜትሬን ይዤ ሶኬቱን ደጋግሜ ለካሁ፣ የሚፈስ ነገር የለም። የሌሎቹን ክፍሎች ሶኬቶች ስጫናቸው ሁሉም ያዙ። መሄድ እንዳለብኝ ስናገር እትዬ ሰብለ አልተነሱም፣ የአባታቸውን እጅ ይዘው ነበር፣ ዮናስ ራሱን ነቀነቀልኝ። ፕሮሲ ቁልፎቹን ይዛ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ።

አሁን የምነግራችሁ ቀላል ነገር ነው፣ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ፕሮሲ ከጎኔ ቆማ የውጭውን በር ትከፍታለች፣ እኔ ቦዳ ለመጥራት ስልኬን አውጥቻለሁ። ዞር ብዬ ቤቱን አየሁ። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ክፍት ነው፣ እትዬ ሰብለና ዮናስ አልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፣ የጋሽ በየነ ነጭ ጸጉር ትራሱ ላይ ይታያል፣ ሦስቱንም በደንብ አየኋቸው። የበረንዳው መብራት በርቶ ነበር፣ የወጣነው በእሱ ብርሃን ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ሳሎን ውስጥ ከበሩ አጠገብ ነው፣ ተራ ነው፣ ሴፍቲ የለውም፣ በራሱ የሚጥል ነገር አይደለም።

እያየሁት ጠፋ።

ፕሮሲ አየችው። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ደህና እደሩ ሴቦ አለችኝና ወደ ጨለማው በረንዳ ተመልሳ ሄደች፣ ቀስ እያለች፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚሄዱትን አካሄድ።

ጋሽ በየነ አሁንም ደህና ናቸው። ሶኬቶቹ ከዚያ ወዲህ አልጣሉም አሉ፣ ጠበሉም ወደ ሶኬት አይረጭም። ዮናስ እንደነገረኝ አባቱ በየማታው ከመተኛታቸው በፊት ያችን ቃል ወደ በሩ ዞረው ይናገራሉ፣ አንድ ማታ እንቅልፍ ቢቀድማቸው ብለው እትዬ ሰብለ ከጎናቸው ማደር ጀምረዋል፣ አባታቸው ተኝተው ካገኟቸው እሳቸው ራሳቸው ይናገሩላቸዋል። ስለ በረንዳው መብራት ግን ለእትዬ ሰብለም ለዮናስም አንስቼላቸው አላውቅም።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። እትዬ ሰብለ፣ ዮናስ፣ ፕሮሲም ብትሆኚ የሚያነብልሽ ካለ፣ የረሳሁት ወይም ያጣመምኩት ነገር ካለ ከሥር ጻፉልኝ፣ አልቀየምም። ሽቦ የሌለው ሶኬት ሲጥል ያየሁት እኔ ብቻ አለመሆኔን መስክሩልኝ። ፕሮሲ፣ ኮሪደሩ ላይ ለማን ነበር መንገድ የለቀቅሽው? ከእናንተ መሃል የበረንዳውን መብራት ያጠፋ ካለም ይንገረኝ፣ ይቀለኛል፣ ከዚያ ወዲህ ማታ የክፍሌን መብራት ሳጠፋ እጄ ይዘገያል። አምስት ነበርን ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።